«ቆያን» ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር

ይህን ታሪክ ብዙ የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል። ያወራሁት እኔ ነኝ። በሻይ ቤት፣ በበርጫ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር ሳይቀር አውርቼው ሰው ሆዱን ይዞ ስቆልኛል። እውነቱን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ደብቄው ኖሬያለሁ። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ለንስሐ አባቴ ስለ መጠጡ፣ ስለ ምላሴ፣ ስለ ገደፍኩት ጾም ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። አሁን የምናገረው አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። በሳቃችሁት በእናንተም ተናድጃለሁ። ከእናንተ ይልቅ ግን ባሳቃችሁ ሰው ላይ ነው የተናደድኩት፤ እሱም እኔ ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ተሾመ እባላለሁ፤ ቀለም ቀቢ ነኝ። በዚህ ከተማ ከእኔ የሚስተካከል ቀለም ቀቢ አልነበረም፤ አሁንም የለም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከዚራ ነው የተወለድኩት። ከትምህርት ቤት ገና ሳልጠግበው ወጣሁ። ማንበብ ያስተማረኝ ግድግዳ ነው። ያኔ ሰው ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፍ ነበር፤ እኔ ልቀባ ስገባ ጋዜጣውን ከመፋቄ በፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ግማሹ ተገልብጦ ነበር የሚለጠፈው፤ ዛሬም ጽሑፍ ገልብጣችሁ ብትሰጡኝ ሳልደናቀፍ አነብላችኋለሁ። ቀለም ማዋሃድ ማንም አላሳየኝም። አንድ ጊዜ በዓይኔ ያየሁትን ቀለም ቤቴ ገብቼ እሱኑ ራሱን አወጣዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሁሉንም በራሴ ነው ያወቅሁት። ይህን ሁሉ የምደረድረው ለጉራ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው «እኔ ምን አውቃለሁ!» ሲላችሁ እንዴት አመናችሁት ብዬ ልጠይቃችሁ ነው።

ቀለም ለምን ይላጣል? ዛሬ ይህን የሚጠይቅ ቀቢ የለም። ኮርኒሱ እንደ ቆዳ ተቀርፎ ሲንጠለጠል ያያል፤ ስቱኮ ይለጥፍበታል፤ በሩሎ ቀለም ይደርብበታል፤ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላ ያው ቦታ ተመልሶ ይነሳል። ሲጠሩት ስልኩን አያነሳም። አንተ ሰነፍ! ቀለም የሚላጠው ከሥሩ ያለው የድሮ ኖራ ስላልተፋቀ ነው፤ ወይም ከኋላው ውሃ ስላለ ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልገህ ትዘጋለህ። ከዚያ የላላውን ሁሉ ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ትፍቃለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። ዋናው ሥራ መጠበቁ ነው፤ በተለይ እዚህ ድሬ። የእኛ ሙቀት አታላይ ነው። ልስኑን ከላይ ከላዩ በግማሽ ቀን ያደርቅልህና ነጭ አድርጎ ያሳይሃል፤ ውስጡ ግን ገና ውሃ ነው። በዚያ ላይ ዘይት ቀለም ከቀባህበት ውሃውን ቆልፈህበታል። መውጫ ያጣ ውሃ ደግሞ ቀለምህን ገፍቶ፣ ልስኑንም ይዞ ይወርዳል።

ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ሮብሌ ለሳኝ ነበር። ሶማሌ ነው፤ እኩያዬ ነው፤ ረጅም፣ ሲስቅ ድምፁ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ። እሱ ይለስናል፣ እኔ እቀባለሁ፤ ለዓመታት እንዲሁ አብረን ሠራን። ትሑት ሰው ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ጉራው ከእኔ አያንስም ነበር።

«ዋርያ ተሾመ» ይለኛል፣ «አንተ ባትቀባው ይሻላል። ሰው የእኔን ልስን አይቶ ይደሰትበት፤ ለምን ትሸፍንበታለህ?»

«የተቀጠርኩት የአንተን ጉድ ልሸፍን አይደል እንዴ!» እለዋለሁ።

ልስን መድረቅ አለመድረቁን የሚያውቀው በጉንጩ ነበር። መሰላል ላይ ወጥቶ ጉንጩን ኮርኒሱ ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ሲወርድ አንድ ጉንጩ ነጭ ነው። እስቅበታለሁ። «መዳፍህ ደንድኗል፣ ምንም አይነግርህም። ጉንጭ ግን ያውቃል» ይለኛል። አንድም ቀን ተሳስቶ አላየሁትም፤ እኔም አንድም ቀን ልክ ነህ ብዬው አላውቅም።

ሶማሊኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቅድም ማንም አላስተማረኝም ብያችሁ ነበር፤ አያችሁ፣ አሁንም ሳልዋሽ መቀጠል አልቻልኩም። መወጣጫው ላይ ጎን ለጎን ቆመን እሱ ቃል ይጥልልኛል፣ እኔ እቀልባለሁ። ከዓመት በኋላ ሁሉን እሰማ ነበር። ሰው ፊት ግን ምንም እንደማልሰማ ሆኜ ነበር የምኖረው፤ ይህ የሁለታችን ጨዋታ ነበር። ሶማሌ ቤት ስንሠራ ሴቶቹ ስለ እኔ አፍንጫ፣ ስለ እኔ ሱሪ ሲያወሩ እኔ ፊቴን ሳልቀይር እቀባለሁ፤ ሮብሌ ከመሰላል ሊወድቅ እስኪደርስ ይስቃል። በድሬዳዋ ሁሉ ሶማሊኛ እንደምሰማ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። መጋላ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሐጂ ቤት ነበር፤ የድሮ ነጋዴ የሠራው፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ በልስን የተሠራ። ጣሪያው ላይ የተቀመጠው የውሃ በርሜል ያፈስ ኖሮ የሳሎኑ ኮርኒስ ተበላሽቷል። ቀለሙ ተቀርፎ ተንጠልጥሏል፤ ልስኑ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። የሐጂ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ሙሽራዋ ከሴቶቹ ጋር የምትቀመጠው በዚያ ሳሎን ነው። በርሜሉ ተነሳ። ሮብሌ የበሰበሰውን አውርዶ በአዲስ ለሰነው። ከዚያ ተራው የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ለሐጂ ቃል ገብቻለሁ፤ «ሐጂ፣ ኮርኒሱን መስታወት ነው የማደርግልዎ። ሙሽራዋ ቀና ብላ ኩሏን ታስተካክልበታለች!» ብያለሁ።

ልቀባ መሰላሌን ሳቆም ሮብሌ ወጣና ጉንጩን ለጠፈ። ወረደ።

«ተሾመ፣ ቆያን ነው» አለኝ። «ወላሂ ቆያን ነው፣ እንዳትነካው። ሐጂን እንንገራቸው፤ ሠርጉ በነጩ ልስን ይለፍ። በኋላ ረጋ ብለህ ትቀባዋለህ።»

ቆያን በሶማሊኛ እርጥብ ማለት ነው። ሰማሁት። ገባኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው፤ ሁለቱንም ጊዜ ገባኝ።

ታዲያ ለምን ቀባሁ? ቀኑ ስለ ደረሰ ነው? አይደለም። ሐጂ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነው? ሐጂ ሰው ቢነግራቸው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። የቀባሁት «ሠርጉ በነጩ ልስን ይለፍ» ስላለኝ ነው። ያ ሁሉ እንግዳ ቀና ብሎ የሮብሌን እጅ ሊያይ ነው! ስለ ሮብሌ ሊያወራ ነው! መስታወት አደርገዋለሁ ያልኩት እኔ ከሮብሌ ልስን ሥር ቁጭ ብዬ ሩዝ ልበላ ነው! ይህን መሸከም አልቻልኩም። ሮብሌ ለጁምዓ ሶላት እስኪሄድ ጠበቅሁና የኮርኒሱን የመጀመሪያ እጅ ዘይት ቀለም ቀባሁት። ቀናሁ። ቃሉ ይኸው ነው፤ ቀናሁ።

ሮብሌ ከመስጊድ ሲመለስ ቀና ብሎ አየ። የልስን ማንኪያውን ወለሉ ላይ ወረወረው። «አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ! ምን አልኩህ?» አለኝ። እኔም ጮህኩበት። «ሂድና ለሐጂ ንገራቸው! ቀናተኛ ነው ይሉሃል!» አልኩት። እኔን ቀናተኛ የሚለኝ ጠፍቶ እሱን ቀናተኛ አልኩት! ሊነግራቸው ይችል ነበር። አልነገራቸውም። ማንኪያውን አንስቶ ጠረገና «ስምህን አላጠፋም፤ አላህ ያውጣህ» ብሎኝ ሄደ። ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው።

የሠርጉ ዕለት ኮርኒሱ ሲያዩት ያስደነግጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ መብራቱ ውስጡ ይዋኛል። ወንዶች ግቢ፣ ሴቶች ሳሎን ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ፤ ከበሮው ተመታ፤ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽና ሙቀት ወደ ላይ ወጣ። እኔ ግቢ ውስጥ ሆኜ ምስጋናዬን እየተቀበልኩ ነበር። ድንገት የሳሎኑ ከበሮ ቆመ፤ ጩኸት ተሰማ። ቀለሙ እንደ ሆድ ተነፍቶ፣ ልስኑን ይዞ፣ ሙሽራዋ ላይ ወርዶ ነበር። አልተጎዳችም፤ ነገር ግን ልብሷና ፊቷ ኖራ ሆኖ እያለቀሰች ስትወጣ አየናት። አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ «ይህ ትዳር ገና ከመጀመሪያው ፈረሰ!» ብለው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። ሐጂ ሮጠው ገብተው አዩና ወጥተው ግቢው መሀል ቆሙ።

«ማነው ይህን ያደረገ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሮብሌም ለሠርጉ ተጠርቶ ከአጠገቤ ነበር፤ አፉን አልከፈተም። እውነቱን ቢናገር ያልቅልኝ ነበር፤ እሱ ግን አልተናገረም። አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ሐጂ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ሮብሌን ‹ደርቋል ወይ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ቆያን ነው› አለኝ። እኔ ሶማሊኛ ከየት አውቄ! ‹ቆይቷል› ያለኝ መስሎኝ፣ ደርቋል ብዬ ቀባሁት!»

ከዚያ አንድ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ የጭነት መኪና ሹፌር ፈንድቶ ሳቀ። ለጎረቤቱ አስረዳው፤ ያም ሳቀ። ሳቁ ግቢውን ዞረው። ልጆች እየዘለሉ «ቆያን! ቆይቷል!» ይላሉ። በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸው ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። «አቦ ሮብሌ፣ አማርኛ ሳታውቅ ነው እንዴ ለሳኝ የሆንከው?» አለ አንዱ። «ሙሽራዋን እኮ በቋንቋ ገደልካት!» አለ ሌላው። እኔ ዳንኩ።

ሮብሌ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የማልረሳው ይህን ነው። ያ የለመድነው ጨዋታ መስሎት ነበር። አሁን «ቀለድኩ» ይላል፣ አሁን እውነቱን ይናገራል ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቀኛል። ጠበቀኝ። እኔ ፊቴን ሳልቀይር ቆምኩ፤ እሱ ራሱ ያስለመደኝን ፊት። ያኔ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ሊናገር አፉን ሲከፍት «ኧረ ተወው፣ አማርኛህ ሌላ ሰው ይገድላል!» ብለው ሳቁበት። ጫማውን አጠለቀና ወጣ። ከኋላው «ቻው ቆያን!» ያለው ሰው ማን ነው? የሚያውቅ የለም። እኔ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሮብሌ የሚባል ሰው በድሬ የለም፤ ቆያን ነው። ታይዋን ገበያ ሲያልፍ «ዋርያ ቆያን!» ይሉታል። ቤት የሚያሳድስ ሰው ሁሉ «ቆያን ከለሰነው ኮርኒስ ሥር አንቀመጥም» ይላል። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን እየሳቁ ሥራ ከለከሉት። ያ ጉንጭ፣ ያ እጅ፣ ከከተማው ዳር መልካ ጀብዱ ሄዶ መኪና ላይ ጆንያ ሲጭን ኖረ። እኔስ? እኔ ዝነኛ ሆንኩ። ሆቴል ቀባሁ፤ የባለሥልጣን ሳሎን ቀባሁ፤ በየገባሁበት ያቺን ታሪክ አወራለሁ። እያደር አሳመርኳት። የሮብሌን ድምፅ ጨመርኩባት፤ ጉንጩን ሲለጥፍ በሶማሌ አነጋገር «ቆያን ነው» ሲል አስመስዬ እሠራዋለሁ። ጥሩ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ምን ያደርጋል፣ ስጦታ ነው! ታሪኳ አፍ ለአፍ ስትዞር የእኔ ስም ወጣ፤ «አንድ ቀቢ» ሆንኩ። የእሱ ስም ግን ቀረ። አልፎ ተርፎ የሙያ ቃል ሆነ። ዛሬ ድሬ ውስጥ እርጥብ ላይ የተቀባ፣ የተበላሸ ሥራ «ቆያን» ይባላል። ሮብሌን አይተው የማያውቁ ልጆች «ተጠንቀቅ፣ ቆያን እንዳታደርገው» ይባባላሉ። እርጥብ ነው ብሎ ያስጠነቀቀው ሰው፣ እርጥብ ላይ ለሚቀባ ሞኝ መጠሪያ ሆነ!

በዚህ ላይ እኔ፣ ስለማውቀው ነገር ሁሉ የምፎክር ሰው፣ ሶማሊኛዬን ቀበርኩት። ገበያ ውስጥ ሲያወሩ እየሰማሁ እንዳልሰማ ሆንኩ። «ስንት ቋንቋ ትችላለህ?» ሲሉኝ እየቆጠርኩ አንዷን እዘላለሁ። ይህ ቅጣት ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ቅጣት አይደለም፤ ሌባ የሰረቀውን ሲደብቅ ነው።

ዘንድሮ ከዝናቡ በኋላ ጎረቤቴ ለአንዲት ሴት ሥራ አገናኘኝ። ኮንዶሚኒየም ነው፤ የመጨረሻው ፎቅ፤ የመኝታ ቤቷ ኮርኒስ ውሃ ገብቶበት ተላጦ አልጋዋ ላይ ይረግፋል። ሂቦ ትባላለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዕድሜዬን አይታ ወንበር ሰጠችኝ።

«ከእርስዎ በፊት አንድ ቀቢ መጥቶ ነበር፣ አባረርኩት» አለችኝ።

«ምን አጠፋ?»

«ቀና ብሎ አየና ‹እመቤት፣ ይሄ ቆያን ነው› አለኝ። ቆያን አባቴ ነው።»

መፋቂያው እጄ ላይ ነበር። መሰላሉ ላይ ወጣሁና መፋቅ ጀመርኩ፤ ፊቴን እንዳታየው። እሷ ከታች ሆና ታወራለች። ትምህርት ቤት እያለች የቆያን ልጅ ይሏት እንደነበረ። አባቷ በቤታቸው ስለዚህ ነገር አንድም ቃል እንደማይወጣው። ከዚያ ጠየቀችኝ። «እርስዎ በሙያው የኖሩ ሰው ነዎት። የአባቴ አማርኛ ከእኔ አማርኛ ይበልጣል። እውነት እንዲያ ብሎ ነው ሰው የተሳሳተው? ቀቢው ማን ነበር?»

ያኔ ልናገር እችል ነበር። ልጁ ራሷ ጠይቃኛለች፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ዕድሜዬ አልቋል፤ ምን ቀረኝ? «የድሮ ቀልድ ነው ልጄ፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም» አልኳት። ዋሸሁ። እንደገና! ወጣት እያለሁ ዋሽቼ፣ ሽማግሌ ሆኜ ደገምኩት። እሷም ስልኳን አንስታ ለአባቷ ደወለችና እፊቴ በሶማሊኛ አወራችው፤ የማልሰማ መስሏት። «አንድ ሽማግሌ ቀቢ አግኝቼ ጠየቅሁት፣ እሱም አያውቅም። ደግ ሰው ይመስላል» አለችው። ደግ ሰው! ሁሉንም ሰማሁ። እንደ ለመድኩት ፊቴን ሳልቀይር ፋቅሁ።

የተፋቀው እስኪደርቅ ሥራ የለኝም ነበር። መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ሮብሌ መኪኖች በሚቆሙበት አካባቢ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጀርባው ጎብጧል።

«ሮብሌ፣ ማ ናባድ ባ?» አልኩት፤ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። ሰው እየሰማኝ ሶማሊኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀና ብሎ አየኝ። በጥሩ አማርኛ፣ «ጋሽ ተሾመ! ሶማሊኛ ቻሉ እንዴ? መቼ ተማሩ?» አለኝ። እየዘለፈኝ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የቀናሁትን፣ «ቻው ቆያን» ያልኩትን፣ ለልጁ የዋሸሁትን።

«ጨረስክ?»

«ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«የነገርከኝ የማውቀውን ነው» አለ። «እኔ እውነቱ መች ጠፋኝ? ሂድና ለሳቁት ንገራቸው።»

«ግማሾቹ እኮ ሞተዋል።»

«እኔ ግን አልሞትኩም» አለኝ። መንገዱን እያየ፣ «ስትነግራቸው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ብለህ እንዳታልፈው። ያኔ እንዳሳመርከው አሳምረው። አፍ አለህ» አለ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ወደ ሂቦ ቤት ተመልሼ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ በሶማሊኛ ነገርኳት። ፊቷን ማየት ነበረብኝ፤ አየሁት። «አዴር፣ ይውረዱ» አለችኝ። አጎቴ እንደማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ክብሬን አልነፈገችኝም። ወረድኩ። «ዕቃዎን ይውሰዱ።» ወሰድኩ። ደረጃውን ስወርድ ምን እንዳናደደኝ ልንገራችሁ? ኮርኒሱ ተፍቆ ሳይቀባ መቅረቱ! ሌላ ሰው ያበላሸዋል ብዬ ነበር የተናደድኩት። እኔ ይህ ሰው ነኝ።

ከዚያ ቀቢዎችና ለሳኞች ሥራ ሲጠብቁ ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ሄድኩ፤ ያቺን ታሪክ ብዙ ጊዜ ያወራሁበት ቤት ነው። «የቆያንን ታሪክ ልንገራችሁ» ስል ገና ከወዲሁ ፈገግ አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አሳምሬ፣ ምንም ሳላስቀር። ስጨርስ የሳቀ አልነበረም። አንዱ ሻዩን እያማሰለ፣ «ጋሽ ተሾመ፣ የድሮው ይሻል ነበር» አለኝ። ሌላው፣ «ይቺኛዋ ቆያን ናት!» አለ። ያኔ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ጠረጴዛውን መታሁ። ጮህኩባቸው። ግን በምን አፌ? ሳቁን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከእውነቱ የበለጠ አሳምሬ የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ ከሠራሁት ሁሉ ያልተላጠ ሥራዬ እሱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የምጽፈው። ወረቀት ላይ ያለውን በሳቅ አታቋርጡኝም። ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ የበደልኩት ሰው ደግሞ ይቅር አላለኝም፣ እንዲልም አላስገድደውም። ወጣት ነበርኩ አልልም። ተደናግጬ ነበር አልልም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ነገ ሥራ ላይ አንዱ «ቆያን» ሲል ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። ሮብሌ የሚባል ለሳኝ ነበር፤ አሁንም አለ። ኮርኒሱ እርጥብ ነው አለ። እርጥብ ነበር። ተሾመ የሚባል ቀቢ ሰማው፤ ገባውም፤ ቀባውም።